ብሎኑ ቢችል ግንኙነቱ ቻለ ማለት ነው?

ስለ ብሎን ግንኙነት የምንሠራቸው መልመጃዎች አብዛኛውን ጊዜ አጨራረሳቸው አንድ ነው። አንድ ብሎን ስንት እንደሚችል ይሰላል፣ በብሎኖቹ ብዛት ይባዛል፣ ከሚመጣው ኃይል ጋር ይነጻጸራል፤ ከበለጠ ‹‹ይበቃል›› ተብሎ ከሥሩ ሁለት መስመር ይሰመርበታል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ላሳይ የምፈልገው ይኸው ስሌት አንድም የቁጥር ስሕተት ሳይኖርበት የማይችል ግንኙነት ሊያስገነባን እንደሚችል ነው። ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም፤ ኮዱ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ግን እንዘለዋለን። ስለዚህ ካልኩሌተር ይዛችሁ ብትከተሉኝ ደስ ይለኛል።

ምሳሌዬን የማነሣው በማውቀው አገር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ላይ ተመሥርቼ ነው። አገሩ አምባና ገደል ነው። በደቡቡ በኩል ዓባይና በሽሎ ይዞሩታል፣ በመካከሉ ደግሞ ክረምት ሲገባ ሰውን ከሰው የሚለያዩ ወንዞች ሞልተዋል። የጋይንቷ ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ እንደመሆኗ ተማሪው ከየአገሩ ወንዝ እየተሻገረ ነው የሚመጣባት። ከእስቴ በኩል ወደ ሞጣ ለሚወርድ ሰውም ‹‹ሰባራ ድልድይ›› እንግዳ ስም አይደለም። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ፋሲል ጊዜ በዓባይ ላይ የተሠራው ይህ የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተሰብሮ፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሰዉ ክፍተቱን በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ይህንን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ያየው አሜሪካዊው ኬን ፍራንዝ በ2001 እ.ኤ.አ. ‹‹ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ›› የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ ድልድዩም በ2002 ተጠገነ። በ2005 ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው። በኋላ በ2009 በኬብል የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

ይህን ያነሣሁት ለታሪኩ ብዬ ብቻ አይደለም። እንዲህ ባለ ገደል ውስጥ ክሬን አይወርድም፣ መኪናም አፋፉ ላይ ይቀራል። ብረቱ የሚወርደው በሰው ትከሻና በአህያ ጀርባ ስለሆነ ሁለት ሰው ሊሸከመው በሚችል ቁራጭ መቆረጥ አለበት። ብየዳ ልሥራ ቢሉ ጄኔሬተር፣ ነዳጅና ጥሩ በያጅ ይፈልጋል፤ በዚያ ላይ ብየዳውን የሚፈትሽ የለም። ብሎን ግን መፍቻና ጉልበት ካለ ይበቃዋል። በአጭሩ፣ በገጠር ለሚሠራ የብረት ድልድይ ብሎን ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። እንግዲያው ድልድዩ የሚቆመው በግንኙነቶቹ ልክ ነው።

አሁን ወደ ሥራችን እንግባ። ከዚህ በታች ያለው ድልድይ ለትምህርት ብዬ ያሰብኩት እንጂ የትም ተሠርቶ የቆመ አይደለም። ርዝመቱ 30 ሜትር፣ የመራመጃው ስፋት 1.5 ሜትር ነው። በግራና በቀኝ ሁለት ትራሶች አሉት፤ የእያንዳንዱ ከፍታ 1.5 ሜትር፣ አንዱ ፓኔልም 1.5 ሜትር ስለሆነ ሰያፍ ብረቶቹ 45 ዲግሪ ያጋድላሉ። ለሕዝብ ጭነት በካሬ ሜትር 5 ኪሎ ኒውተን እንያዝ። ይህ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሰባት ስምንት ሰው ማለት ነው። በዛ የሚል ካለ ለጥምቀት ታቦት ሲወርድ ድልድይ ዳር ቆሞ ይመልከት።

ለአንድ ትራስ የሚደርሰው የሕዝብ ጭነት በሜትር 3.75 ኪ.ኒ. ይሆናል። የድልድዩን የራሱን ክብደት ለአንድ ትራስ በሜትር 1.5 ኪ.ኒ. ብንይዝ፣ በጭነት ማባዣዎቹ (1.5 ለሕዝቡ፣ 1.35 ለራሱ ክብደት) ተባዝቶ ጠቅላላው በሜትር 7.65 ኪ.ኒ. ይመጣል። የድጋፉ ምላሽ 7.65 × 15 = 114.75 ኪ.ኒ. ነው። በመጀመሪያው መገጣጠሚያ ላይ በቀጥታ የሚያርፈው የግማሽ ፓኔል ጭነት 5.74 ሲቀነስ 109 ኪ.ኒ. ይቀራል። ሰያፉ ብረት 45 ዲግሪ ስላጋደለ ይህ በ1.414 ይባዛል፤ ውጤቱ 154 ኪ.ኒ. የመሳብ ኃይል ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ መለኪያችን እሱ ነው።

ሰያፉን ብረት 80 × 80 × 8 ሚ.ሜ. አንግል እናድርገው። ብረቱ ኤስ 235 ስለሆነ ዪልዱ 235፣ የመበጠሻ ጥንካሬው 360 ኒውተን በካሬ ሚ.ሜ. ነው። የአንግሉ ስፋት 1,230 ካሬ ሚ.ሜ. ነው። በአንድ ክንፉ ብቻ ከ10 ሚ.ሜ. የማያያዣ ላሜራ (ጋሴት) ጋር በሦስት ኤም 16 ብሎኖች ይታሰራል፤ የብሎኖቹ ደረጃ 8.8፣ ቀዳዳው 18 ሚ.ሜ. ነው። ከአንግሉ ጫፍ እስከ መጀመሪያው ቀዳዳ መካከል 35፣ ከቀዳዳ ቀዳዳ 50፣ ከቀዳዳው መስመር እስከ ክንፉ ዳር 35 ሚ.ሜ.። ይህ አቀማመጥ የተጋነነ አይደለም። ‹‹ብረት እንቆጥብ›› ተብሎ ሲሣል በብዛት የሚታይ ነው፤ ከኮዱ ዝቅተኛ ርቀትም በታች አልወረደም።

የምጠቀመው በዩሮኮድ 3 ክፍል 1-8 ያሉትን ቀመሮች ነው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የአገራችን ኮድም መሠረቱ ይኸው ነው። ከእሱ በፊት የነበረው የ1995ቱ ኢ.ቢ.ሲ.ኤስ. 3 በአንዳንድ ማካፈያዎች ቢለይም የአሳቡ አካሄድ አንድ ነው። ለብሎንና ለመበጠስ ማካፈያው 1.25፣ ለዪልድ 1.0 ነው።

በመጀመሪያ አንግሉ ራሱ፣ ቀዳዳ በሌለበት በኩል፦ 1,230 × 235 = 289 ኪ.ኒ.። ከ154 ጋር ሲተያይ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ብዙ ሰው ብረቱን ሲመርጥ የሚያየው ይህንን ነው።

ቀጥሎ ብሎኑ። ጥርሱ በሚቆረጥበት ቦታ ላይ ካለ የሚሠራው ስፋት 157 ካሬ ሚ.ሜ. ነው፤ የ8.8 ብሎን የመበጠሻ ጥንካሬ 800። ስለዚህ 0.6 × 800 × 157 ÷ 1.25 = 60.3 ኪ.ኒ.፣ በሦስት ሲባዛ 181። ጥርስ የሌለው አንገቱ በዚያ ቦታ ቢውል ስፋቱ 201 ሆኖ አንዱ ብሎን 77 ይችላል። ግን ገደል ውስጥ የትኛው ብሎን ምን ያህል ጥርስ እንዳለው ማን ይቆጥራል? በጥርሱ ማስላት ይሻላል።

ከዚያ ብሎኑ የቀዳዳውን ግድግዳ የሚጫንበት ጉዳይ አለ፣ ቤሪንግ የምንለው። ቀመሩ 2.5 × አልፋ × 360 × 16 × 8 ÷ 1.25 ነው፤ አልፋ የሚወሰነው በርቀቶቹ ነው። ለጫፉ ብሎን 35 ÷ 54 = 0.648፣ ለውስጦቹ 50 ÷ 54 ተቀንሶ 0.25፣ ማለትም 0.676። ስለዚህ ጫፉ 59.7፣ ውስጦቹ 62.3 ኪ.ኒ. ይችላሉ። እዚህ ላይ ሦስቱን ዝም ብሎ መደመር አይቻልም። ኮዱ መደመር የሚፈቅደው የእያንዳንዱ ብሎን ሸር ከቤሪንጉ ካላነሰ ነው፤ የእኛ 60.3 ደግሞ ከ62.3 ያንሳል። እንግዲያው ትንሹ በሦስት ይባዛል፦ 179 ኪ.ኒ.።

እስካሁን 289፣ 181፣ 179 አለን። ሁሉም ከ154 ይበልጣሉ። አብዛኞቻችን መስመሩን የምናሰምረው እዚህ ላይ ነው።

አንግሉ ግን ቀዳዳ ተበስቶበታል፤ ያውም የተያዘው በአንድ ክንፉ ብቻ ነው። ኃይሉ ከታሰረው ክንፍ ወደ ነፃው ክንፍ ለመዳረስ ርቀት ይፈልጋል። ርቀቱ ካጠረ ነፃው ክንፍ ሥራ ፈትቶ ይቆማል፣ የታሰረው ብቻውን ይጎተታል። ኮዱ ይህን በማባዣ ይገልጸዋል። ሦስትና ከዚያ በላይ ብሎን ላለው አንግል፣ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት የቀዳዳው 2.5 እጥፍ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 0.5፣ 5 እጥፍና በላይ ከሆነ 0.7፣ በመካከሉ በተመጣጣኝ። የእኛ 50 ÷ 18 = 2.78 ስለሆነ ማባዣው 0.522 ነው። ቀዳዳው ሲቀነስ የሚቀረው ስፋት 1,230 − 144 = 1,086፤ እንግዲህ 0.522 × 1,086 × 360 ÷ 1.25 = 163 ኪ.ኒ.። ከ289 ተነሥተን 163 ደረስን፣ አሁንም ግን ከ154 በላይ ነን። እዚህ ድረስ የሄደ ተማሪ ጎበዝ ይባላል፣ ይገባዋልም።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል፤ ብሎክ ሸር። የሎተሪ ቲኬት ከብጣሹ ላይ ሲገነጠል ያያችሁት ነው፤ ወረቀቱ የሚቀደደው በቀዳዳዎቹ መስመር ነው። አንግላችንም እንዲሁ ከጫፉ ተነሥቶ በሦስቱ ቀዳዳዎች መስመር ሊሸራረፍና ከመጨረሻው ቀዳዳ ወደ ክንፉ ዳር ታጥፎ ሊበጠስ ይችላል። ብሎኖቹም፣ ላሜራውም፣ የተቀረው አንግልም ደኅና ሆነው ያቺ ቁራሽ ብቻ ከነብሎኗ ላሜራው ላይ ትቀራለች። የሸሩ መስመር ርዝመት 35 + 50 + 50 = 135፣ ሁለት ተኩል ቀዳዳ (45) ሲቀነስ 90፣ በ8 ሲባዛ 720 ካሬ ሚ.ሜ.። የሚሳበው ክፍል 35 − 9 = 26፣ በ8 ሲባዛ 208። ኃይሉ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ስለሆነ የመሳቡ ድርሻ በግማሽ ይያዛል። 0.5 × 360 × 208 ÷ 1.25 = 30 ኪ.ኒ.፤ 235 ÷ 1.732 × 720 = 97.7 ኪ.ኒ.። ድምሩ 127.6 ኪ.ኒ.።

ከ154 ያንሳል። ያውም በጥቂት አይደለም። ‹‹181 ይችላል›› ብለን ያሰመርንበት ግንኙነት በኮዱ ሚዛን ሊጫንበት ከሚገባው ውስጥ ከስድስት አንዱን እጅ መሸከም አይችልም። ይህ ድልድይ በተሠራ ማግስት ይወድቃል ማለት እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ማባዣና ማካፈያው የሰጡት መጠባበቂያ አለ። በአዘቦት ቀን ሁለት አህያና አራት ሰው ሲያልፍበት ምንም አይታይበትም፣ ለዓመታትም ላይታይ ይችላል። መጠባበቂያው ግን የተቀመጠው ለዛገው ብረት፣ ለጠመመው ቀዳዳና ለማናውቀው ጭነት ነው፤ እኛ ሳናሰላ ለቀረነው አልነበረም።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ሰው ቶሎ የሚለው ‹‹ብሎን ጨምር›› ወይም ‹‹ወፍራም አንግል አድርግ›› ነው። ሁለቱም ያስኬዳሉ፣ ግን አያስፈልጉም። ቀዳዳዎቹን ብቻ እናራርቃቸው፦ ከጫፍ 35 የነበረው 45፣ ከቀዳዳ ቀዳዳ 50 የነበረው 70 ይሁን። ብሎኑ እነዚያው ሦስቱ ናቸው። የሸሩ መስመር 185 − 45 = 140፣ ስፋቱ 1,120 ይሆናል፤ ብሎክ ሸሩም ከ127.6 ወደ 182 ኪ.ኒ. ይወጣል። የአንግሉ ማባዣ 0.611 ሆኖ 191 ይሰጣል። ቤሪንጉ ለጫፉ 76.8፣ ለውስጦቹ 92.2 ስለሚደርስ ከወሳኝነት ይወጣል። አሁን ወሳኙ የብሎኑ ሸር፣ 181 ኪ.ኒ. ነው። የጨመርነው 50 ሚ.ሜ. አንግል፣ በሚዛን ግማሽ ኪሎ ያህል ብረት ነው (የላሜራውም መጠን ትንሽ ያድጋል)። ያገኘነው 53 ኪ.ኒ.፣ በኩንታል ብንመነዝረው ከ50 ኩንታል በላይ። እኔ በኮርሱ ውስጥ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ በዚህ ዋጋ ይህን ያህል የሚመልስ አላገኘሁም።

ይህ ሁሉ ግን ብሎኑ በእርግጥ 8.8 ከሆነ ነው። ራሱ ላይ የታተመው ቁጥር ትርጉም አለው፤ የመጀመሪያው 8 በመቶ ተባዝቶ የመበጠሻ ጥንካሬው 800 መሆኑን፣ ሁለተኛው ዪልዱ የዚያ 80 በመቶ መሆኑን ይናገራል። በዚያው መጠን 4.6 ብሎን ቢገባ አንዱ የሚችለው 30 ኪ.ኒ. ነው፤ ሦስቱ ተደምረው 90። በመልክ፣ በክብደት፣ በመፍቻ ቁጥር ሁለቱ አንድ ናቸው፣ ዋጋቸው ግን አንድ አይደለም። ራሱ ላይ ምንም ያልታተመበት ብሎንማ ድጓ ዘልቄአለሁ እያለ ቤተ ልሔም ሄዶ ያላስመሰከረን ሰው ይመስላል። ምናልባት ያውቃል፤ ወንበር ግን አይሰጠውም።

‹‹በደንብ ከጠበቀ ፍትጊያው ይይዘዋል›› የሚል ክርክርም ሰምቻለሁ። ኤም 16 የ8.8 ብሎን በሙሉ ቅድመ ውጥረት ቢታሰር 88 ኪ.ኒ. ያህል ይጨምቃል። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ለተጠረገ ብረት የፍትጊያ ቁጥሩ 0.3 ቢሆን በአንድ ብሎን የምናገኘው 21 ኪ.ኒ. ነው። ያውም በሚለካ መፍቻ ለተጠበቀ ብሎን። ፍትጊያ መንቀጥቀጥን ለመቀነስ ደግ ነው፣ ተሸካሚ አድርጎ መቁጠር ግን ሌላ ንድፍ ይጠይቃል።

ስለ ላሜራውም ጥቂት ልበል። በምሳሌዬ 10 ሚ.ሜ. ያደረግሁት ከአንግሉ ወፈር እንዲልና ወሳኝ እንዳይሆን ነው፤ ግን ብዙ ብረት በአንድ ላሜራ ላይ ሲገናኝ እሱም ለብቻው መሰላት አለበት። በሚኒያፖሊስ ከተማ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የነበረው አይ 35 ደብሊው ድልድይ ነሐሴ 1 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. ሲወድቅ 13 ሰዎች ሞተዋል። ምርመራው የደረሰበት ድልድዩ በ1960ዎቹ ሲነደፍ አንዳንዶቹ የማያያዣ ላሜራዎች ሊሆኑ ከሚገባቸው ውፍረት ግማሽ ያህል ብቻ መደረጋቸውን ነው፤ 25 ሚ.ሜ. ገደማ መሆን ሲገባቸው 13 ገደማ። አርባ ዓመት ያህል ቆመ። ዋናዎቹ ብረቶች ተሰልተው ነበር።

ከቢሮ ወጥተን ሳይት ስንደርስ ደግሞ ቀዳዳው የሚበሳበት መንገድ ይመጣል። በመሰርሰሪያ የተበሳ 18 ሚ.ሜ. ቀዳዳ 18 ነው። በጋዝ የተቀደደ ቀዳዳ ግን 20ም 22ም ይሆናል፣ ዳሩ ሸርካታ ነው፣ በዙሪያውም ብረቱ በእሳት ተነክቷል። ከላይ ያሰላናቸው 90 እና 26 ሚ.ሜ. የተገኙት ቀዳዳ ተቀንሶ መሆኑን አስታውሱ። ቀዳዳው 22 ቢሆን 90 የነበረው 80 ይሆናል። በዚያ ላይ ሦስቱም ቀዳዳዎች 10 ሚ.ሜ. ወደ ጫፍ ከሸሹ (ሁለት ብረት አልገጥም ሲል ‹‹ትንሽ ወዲህ እንብሳው›› ይባላል) 70 ይደርሳል።

ስርቆቱንም መርሳት አይገባም። በአገራችን ከከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ ምሰሶዎች ላይ አንግልና ብሎን እየተፈታ መወሰዱ በየጊዜው የሚሰማ ነገር ነው፤ በመፍቻ የሚገጠም በመፍቻ ይፈታልና። ለእግረኛ ድልድይ ርካሹ መላ ዳዶው ከጠበቀ በኋላ ከዳዶው የወጣውን ጥርስ በመዶሻና በፑንቶ መደቆስ ነው። ሁለተኛ ዳዶ መጨመርም ይቻላል፣ ግን እሱም ይፈታል። ከጥርሱ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር ከዳዶው ውጭ መታየቱን፣ ሮንዴላውም መግባቱን ያን ጊዜውኑ ማየት ነው።

የቀዳዳ ርቀት ግን የሚለካው ከዚያ በፊት፣ ብረቱ አፋፍ ላይ ተደርድሮ ሳለ ነው። 45ና 70 ሚ.ሜ. መሆኑን በሜትር ማየት ለአንድ አንግል ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ገደል ከወረደ በኋላ መሰርሰሪያ የሚያዞር መብራት የለም፣ የተበሳ ቀዳዳም አይደፈንም።